የጤፉን ሒሳብ ማን መረመረ?

ከቭላርዲንገን፣ ሆላንድ

(በዚህ ጽሑፍ የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በየካቲት 2019 በአሜሪካ የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት አቶ ፍጹም አረጋ፣ የሄግ ፍርድ ቤት በጤፍ የፈጠራ መብት ባለቤት ላይ መፍረዱን በትዊተር ሲያበስሩ በዳያስፖራው ሠፈር እልልታው ቀለጠ። ጤፋችን ከሌባ እጅ ወጣ ተባለ። መንግሥት ታግሎ አስመለሰልን ያሉም አልጠፉም። እዚህ ሆላንድ ያለን ሰዎችም ስልካችን እስኪግል ድረስ «እንኳን ደስ ያለህ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ተባባልን። መደሰቱ ባልከፋ፤ ግን ለመሆኑ ከእልልታው በፊት ፍርዱን ከፍቶ ያነበበ ስንት ሰው ነበር?

ፍርዱ የተሰጠው ኅዳር 21 ቀን 2018 ነው። እልልታው ከመሰማቱ ሦስት ወር ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። የሆላንድ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያሉ ውሳኔዎችን በድረ ገጻቸው ላይ በነጻ ያወጣሉ፤ ማንም ሰው ከሶፋው ሳይነሣ ሊያነባቸው ይችላል። ከሳሹ ኤንሸንትግሬን የተባለ ኩባንያ ነው። ተከሳሹ ደግሞ ባከልስ የተባለ፣ ለዳቦ ጋጋሪዎች ዱቄትና ልዩ ልዩ ግብዓት የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። ከሳሽ «መብቴን ጥሰሃል» አለ፤ ተከሳሽ «መጀመሪያ መብትህ ራሱ መብት አይደለም፣ አዲስ የፈጠርከው ነገር የለም» ብሎ መለሰ፤ ዳኞቹም በዚህ ከተከሳሽ ጋር ተስማሙ። ኢትዮጵያ ከሳሽም ተከሳሽም አልነበረችም። አንድ የዱቄት ነጋዴ የራሱን ገበያ ለማዳን ተሟገተ፣ እኛ ደግሞ በሰው ሠርግ ጨፈርን። በዚያ ላይ ውሳኔው የሚሠራው በሆላንድ ውስጥ ብቻ ነበር። የአውሮፓው የፈጠራ መብት የጸደቀባቸው ሌሎች አገሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፍርድ ቤት አላቸውና።

ይህን የማነሣው የሰው ደስታ ለማደብዘዝ አይደለም። ጉዳዩ ከመነሻው እስከ መድረሻው በወረቀት ላይ የተጻፈ፣ ወረቀቱም ለማንም ክፍት የሆነ ሆኖ ሳለ፣ የአገራችን ባለሥልጣናትም እኛ በውጭ ያለነውም ያላየነው መሆኑ ስለሚያንገበግበኝ ነው። የጤፍ ጉዳይ የስርቆት ታሪክ ተደርጎ ብዙ ተጽፎበታል። እኔ የማየው ግን ከስርቆት ይልቅ የአንድ ትንሽ ኩባንያ ሒሳብ ያልተመረመረበት ታሪክ ነው። ስርቆትን በጩኸት መከላከል ይቻል ይሆናል፤ ይህን ግን አይቻልም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሐምሌ 2003 እዚህ ሆላንድ ውስጥ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀትን የሚመለከት የፈጠራ መብት ማመልከቻ ገባ። ልብ በሉ፣ ማመልከቻው በጤፍ ዘር ላይ ሳይሆን በዱቄቱ ላይ ነው። ፍሬ ነገሩ ለመሐንዲስ ቀላል ነው፤ በእህሉ ውስጥ ስታርችን የሚሰብር ኢንዛይም ምን ያህል እንዳለ የሚያመለክት አንድ የታወቀ የላቦራቶሪ መለኪያ አለ። ማመልከቻው ጤፉ በሚፈጭበት ጊዜ ይህ ቁጥር ቢያንስ 250 ይሁን ይላል። እህሉ ከታጨደ በኋላ ሰንብቶ ሲፈጭ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ከአውድማ ወጥቶ ጎተራ ከርሞ የተፈጨ እህል ለእናቶቻችን አዲስ ነገር እንዳልነበረ ለማንም አንባቢ መንገር አያሻኝም። ዳኞቹም በ2018 በራሳቸው መንገድ «ይህ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም» ብለዋል።

በሚያዝያ 2005 የብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ድርጅት፣ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር የአሥር ዓመት ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዝርያዎችን ይጠቀማል፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከጥቅሙ ትካፈላለች። በዓለም አቀፉ የብዝሀ ሕይወት ስምምነት መንፈስ ከተፈረሙት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበርና በየጉባኤው እንደ አርአያ ተወደሰ። በወረቀቱ ላይ ያለው በእርግጥም ያማረ ነው። ከተጣራ ትርፍ 5 በመቶው ለአንድ የጤፍ ፈንድ ይገባል፤ ይህም በዓመት ከ20,000 ዩሮ አያንስም ይላል።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ ቁጥር እንደምር። የፈጠራ መብት ማመልከቻ ከገባ ከ18 ወር በኋላ ለሕዝብ ይታተማል፤ ደንቡ ነው። ሐምሌ 2003 ላይ 18 ወር ስንጨምር ጥር 2005 ላይ እንደርሳለን። ስምምነቱ የተፈረመው በሚያዝያ 2005 ነው። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲነካ የማመልከቻው መታተሚያ ጊዜ አልፎ ነበር። የአውሮፓ የፈጠራ መብት መሥሪያ ቤት የሰነዶች ፍለጋ በነጻ ነው፤ «ጤፍ» ብሎ መጻፍ ብቻ ይበቃል። አይተውት ነበር? አይተውት ከሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚዋዋሉ እያወቁ እንዴት ዝም አሉ? ካላዩትስ ለአንድ አገር ሀብት ጠባቂ ሆኖ መቀመጥ ምን ማለት ነው?

ከዚያ የሆነው ታሪክ አጭር ነው። የአውሮፓው መብት በጥር 2007 ጸደቀ። ኩባንያው በነሐሴ 2009 ከሰረ። በ2012 ሬጊነ አንደርሰንና ቶነ ቪንገ የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በፍሪትዮፍ ናንሰን ተቋም በኩል ባወጡት ጥናት፣ ኢትዮጵያ ከዚህ ሁሉ ያገኘችው ገንዘብ 4,000 ዩሮ ብቻ መሆኑን ጻፉ። በዓመት 20,000 ተብሎ በአራት ዓመት 80,000 መግባት የነበረበት ቢሆን፣ የገባው ከሃያ አንድ እጅ ነው። ጥናቱ ከዚህም የከፋ ነገር ይነግረናል፤ ኩባንያው ከመክሰሩ በፊት የኩባንያው ኃላፊዎች ሌሎች ኩባንያዎችን አቋቁመው የጤፉ ሥራ በእነዚያ በኩል ቀጠለ። ስምምነቱ ግን የሚያስረው የከሰረውን ኩባንያ ብቻ ነበር። የከሰረው ድርጅት ግዴታውን ይዞ ተቀበረ፣ የፈጠራ መብቱ ደግሞ በሕይወት ቆየ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። በሆላንድ ማንኛውም ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ፣ እነሱ ቢ.ቪ. የሚሉት፣ በንግድ ምክር ቤቱ መዝገብ ቁጥር አለው። በጥቂት ዩሮ ማንም ሰው፣ ሆላንዳዊ ይሁን ሐበሻ፣ ምክንያቱን ሳይጠየቅ የመዝገቡን ቅጂ ያወጣል። ኩባንያው መቼ ተቋቋመ፣ ሥራ አስኪያጆቹ እነማን ናቸው፣ ብቸኛው የአክሲዮን ባለቤት ማን ነው፣ አድራሻው የት ነው፤ ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ይታያል። ሌላ ጥቂት ዩሮ ከተጨመረ ዓመታዊ የሒሳብ መግለጫው ይገኛል። የሒሳብ ዓመቱ ካለቀ ቢዘገይ ቢዘገይ በ12 ወር ውስጥ ማስገባት ግዴታ ነው። ሒሳቡን በጊዜው ያላስገባ ኩባንያ ከከሰረ ደግሞ ሕጉ ሥራ አስኪያጆቹ ሥራቸውን በአግባቡ እንዳልመሩ ይገምታል፤ ከገዛ ኪሳቸው ሊጠየቁም ይችላሉ። ስለዚህ ሒሳቡ አለመግባቱ ራሱ ትልቅ ወሬ ነው።

ትንሽ ኩባንያ የሚያስገባው ሚዛን አጭር ነው፤ ስለ ሽያጭና ስለ ትርፍ ብዙም አይናገርም። ሆኖም አንድ መስመር አለ። ኩባንያው ያለው ሁሉ ተደምሮ ዕዳው ሁሉ ሲቀነስ ለባለቤቶቹ የሚቀረው። ያ ቁጥር ከዓመት ዓመት እያነሰ ሲሄድ፣ ከዚያም ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ድልድይ ከመከፈቱ በፊት የተጫነ የጭነት መኪና እየነዱ ይፈትኑታል እንጂ ሪባኑን ቆርጠው «በስመ አብ» ብለው አይሻገሩም። ለአሥር ዓመት የአንድን ሕዝብ ሀብት የምትሰጠው ድርጅት ይህን ጭነት መሸከም መቻሉን የሚያሳየው ያ መስመር ነው። አቅሙ ትንሽ ሆኖ ከተገኘም መፍትሔ አለው፤ ሥራ አስኪያጆቹ በግል እንዲፈርሙ ማድረግ፣ የባንክ ዋስትና መጠየቅ፣ ሥራውም ሆነ የፈጠራ መብቱ ወደ ሌላ ኩባንያ ቢዛወር ግዴታው አብሮ እንዲሄድ መጻፍ። አንድ ጀማሪ የንግድ ጠበቃ የሚያውቀው አንቀጽ ነው።

ኪሳራው ደግሞ በድንገት እንደ መብረቅ የሚወርድ ነገር አይደለም። በሆላንድ የኪሳራ ውሳኔዎች የሚመዘገቡበት ማዕከላዊ መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል። የሚሾመው የንብረት ጠባቂም የት ምን እንደተሸጠና ለማን እንደተሸጠ በየጊዜው ሪፖርት ያደርጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የማየት ሥራ የማን ነበር? በብራስልስና በሄግ በዲፕሎማትነት የተመደቡት ሰዎች፣ ተቃዋሚ ማን ቤት ቡና እንደጠጣ ከመመዝገብ ጊዜ ተርፏቸው አንድ የንግድ መዝገብ ከፍተው ያውቃሉ? ያን ጊዜ እዚህ የነበርን ሰዎች መልሱን እናውቀዋለን።

ይህን ስል ሆላንድን የሐቅ አገር አድርጌ ለመሳል አይደለም። አምስተርዳም ውስጥ ከደብዳቤ ሣጥን በቀር ቢሮም ሠራተኛም የሌላቸው ኩባንያዎች ሞልተዋል። ከኩባንያው ጀርባ ያለውን የመጨረሻ ባለቤት የሚያሳየው መዝገብም በመስከረም 2020 ለሕዝብ ተከፍቶ ነበር፤ በኅዳር 2022 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የግል ሕይወትን ይነካል ብሎ ሲፈርድ ተዘጋ። ባለጠጎቹ እልል አሉ። ያም ሆኖ ግን እዚህ የሚዘጋው በር በፍርድ ቤት ተከራክሮ ነው የሚዘጋው። የእኛ አገሩ በር ከመጀመሪያውም በር መሆኑ አይታወቅም።

በተለምዶ የ1952ቱ የምንለው፣ በፈረንጅ የ1960ው የንግድ ሕጋችን የንግድ መዝገብ የሚባል ነገር ደንግጎ ነበር። ስድሳ ዓመት አልፎ በ2021 አዲስ የንግድ ሕግ ወጣ። አዲስ አበባ ሄዳችሁ «የዚህን ኩባንያ የሦስት ዓመት ሒሳብ ማየት እፈልጋለሁ» ብትሉ ምን እንደሚገጥማችሁ ገምቱ። «ለምን ፈለግኸው? ማን ልኮህ ነው?» እውነት ለመናገር ባንኮቹ ሒሳባቸውን በጋዜጣ ያትማሉ፤ ይህ ሊመሰገን ይገባዋል። ኤፈርት ግን በ1995 ተቋቁሞ፣ ከሲሚንቶ እስከ ጭነት መኪና ሲያንቀሳቅስ፣ የትግራይ ሕዝብ ሀብት ነው እየተባለ የትግራይ ገበሬ የሒሳቡን ገጽ አይቶት አያውቅም። ሜቴክ በ2010 ተቋቁሞ የስኳር ፋብሪካና የግድብ ሥራ ሲረከብ ሒሳቡን ያየ የፓርላማ አባል እጁን ያውጣ። በ2018 ኃላፊዎቹ ታስረው በቴሌቪዥን ድራማ ሲቀርብልን ሁላችንም ሒሳብ አዋቂ ሆንን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ዛሬ ኢሕአዴግ የለም፣ ብልጽግና ነው ያለው፤ በአዲስ አበባ የሚፈሰው የኮሪደርና የቤተ መንግሥት ግንባታ ወጪ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደተጻፈ ብትጠይቁ የምታገኙት መልስ ግን የድሮው ነው።

የሚገርመው የገዛ አገራችንን ሒሳብ ከባዕድ አገር መዝገብ የምናነብ መሆናችን ነው። መንግሥት የበደሌንና የሐረር ቢራ ፋብሪካዎችን በ2011 ለሄኒከን ሲሸጥ በደሌ በ85 ሚሊዮን፣ ሐረር በ78 ሚሊዮን ዶላር መሄዳቸውን አምስተርዳም ያለው ገዢ በይፋ ተናገረ፤ አክሲዮን ሕዝብ የሚገዛው ኩባንያ ስለሆነ መናገር ግዴታው ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱንም ማንም በነጻ ያነባል። በ2021 በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘውና ሳፋሪኮም ኢትዮጵያን የያዘው ጥምረት ስሙ ግሎባል ፓርትነርሺፕ ፎር ኢትዮጵያ ቢ.ቪ. ነው። «ቢ.ቪ.» የምትለዋን ልብ በሉ። የተመዘገበው እዚሁ ሆላንድ ነው። የሳፋሪኮምን የኢትዮጵያ ኪሳራና ገቢ የምታገኙትም ናይሮቢ ላይ ለአክሲዮን ባለቤቶች ከሚቀርበው ሪፖርት ነው። ደብረ ብርሃን ያለ የስልክ ደንበኛ ስለሚጠቀምበት ድርጅት ለማወቅ ናይሮቢንና ሆላንድን መጠየቅ አለበት። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው።

ስለ አባይ ካነሣን ቦንዱን ማለፍ አይቻልም። ከ2011 ጀምሮ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ግዙ ተብለን በየከተማው ተሰበሰብን። ግማሹ ባንዲራ ለብሶ ገባ፣ ግማሹ ደጅ ቆሞ መፈክር አሰማ። እኔ ግድቡን እደግፋለሁ፤ መሐንዲስ ሆኖ የማይደግፍ ካለ አላገኘሁትም። ነገር ግን ውስጥ ከገቡትም ደጅ ከቆሙትም አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ «ብሩን የሚበደረኝ የመብራት ኃይል ሒሳብ የት አለ? ዕዳው ስንት ነው? ወለዱን ከምን ይከፍላል?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ደጋፊው ጥያቄውን ክህደት አደረገው፤ ተቃዋሚው ደግሞ «ለወያኔ ገንዘብ አትስጡ» ከማለት አላለፈም። ጥያቄውን የጠየቀው የአሜሪካ የሴኩሪቲስ ኮሚሽን ነበር። በሰኔ 2016 ድርጅቱ ከ2011 እስከ 2014 ድረስ ከ3,100 በላይ አሜሪካ ነዋሪዎች ወደ 5.8 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ቦንድ ሳያስመዘግብ መሸጡን አረጋግጦ ወደ 6.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል አደረገ። ማስመዝገብ ማለት የመኪና ሰሌዳ እንደ ማውጣት ያለ ነገር አይደለም። የተበዳሪውን ሒሳብና አደጋውን ጽፎ ለገዢው ማሳየት ነው። ይህ ሳይደረግ የተሸጠ ቦንድ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከዚያም በ2021 መንግሥት የትልልቆቹን የልማት ድርጅቶች ዕዳ ተረክቦ የሚያስተዳድር ኮርፖሬሽን አቋቋመ። ዕዳው ያን ያህል መክበዱን እኛ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

በጎውንም ልናገር። ኢትዮ ቴሌኮም በጥቅምት 2024 አክሲዮን ሲያቀርብ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱ በ300 ብር፣ በካፒታል ገበያ አዋጁ መሠረት የሽያጭ መግለጫ ሰነድ ታትሞ ወጣ። ሒሳቡ አለበት፣ ሊያጋጥም የሚችለው አደጋም ተጽፎበታል። ሽያጩ ሲያልቅ የተገዛው ከአሥር አንድ እጅ ጥቂት ያለፈ ነው። ካድሬው ይህን ውድቀት ብሎ ሊደብቀው ይሞክር ይሆናል። እኔ ግን ሰው ወረቀት አይቶ እምቢ ማለት ከጀመረ ጥሩ ምልክት ነው እላለሁ። ይኸው ግዴታ ለፓርቲ ኩባንያዎች፣ ለመከላከያ ኩባንያዎች፣ ለመንግሥት ኢንቨስትመንት ሆልዲንግ ድርጅቶች በሙሉ ይዘርጋ። አዋጅ ቁጥር 847/2014 የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ከፍቷል። ቦርዱ ከድርጅቶች የሚቀበለውን ሒሳብ ለሕዝብ በኢንተርኔት ቢለቅ አዲስ ሕግ አያስፈልገውም፤ ፍላጎት እንጂ።

ለእኛ ለውጭዎቹ ደግሞ የምለው አለኝ፣ ቅር አይበላችሁ። ሄግ ላይ ሰልፍ ስንወጣ ሦስት መቶ ሰው እናገኛለን፤ የአንድ ኩባንያ ሒሳብ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሦስት ሰው ግን አናገኝም። ሆላንድ ውስጥ ብቻ ከኢትዮጵያ ጋር የሚነግዱ የአበባ፣ የአትክልት፣ የቡና፣ የዘር ኩባንያዎች አሉ። ሁሉም ቁጥር አላቸው፣ ሁሉም ሚዛን ያስገባሉ። የሮተርዳም ቤተ መጻሕፍትና የኢራስመስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሄግ ያለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም ከእኛ ደጅ ሩቅ አይደሉም። ከቭላርዲንገን በሜትሮ ተሳፍሬ ብላክ ለመድረስ ቡና የማፍላት ያህል ጊዜ ነው የሚወስድብኝ። የልጆቻችን ደች ከእኛ ይሻላል፤ አካውንቲንግ የተማሩም ሞልተዋል። አባት በበርበሬ ፓኬት ላይ የሚከራከርበትን ቅዳሜ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ አንድ ሚዛን ቢያስነብበው ምን ይጎድልበታል?

ሰሞኑን በየአዳራሹ አክሲዮን፣ ኮንዶሚኒየም፣ የእርሻ መሬት ሽርክና የሚሸጡ ሰዎች ይመላለሳሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ አንዳንዶቹ ቀና ሰዎች ይሆናሉ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ስላይድ ማሳየት ከመጀመራቸው በፊት ግን እጃችሁን አውጡና ሦስት ወረቀት ጠይቁ፤ የምዝገባ ቅጂ፣ በውጭ ኦዲተር የተመረመረ የሦስት ዓመት ሒሳብ፣ የኃላፊዎቹ ሌሎች ኩባንያዎች ዝርዝር። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው «አገር አትወድም እንዴ?» ብሎ ቢያፈጥባችሁም ወረቀቱ እስኪመጣ አትቀመጡ።